ፊደል የቆጠርኩበት ሴሚስተር

ሰሞኑን ጎረቤቴ የግቢውን በር ቀለም ሲያስቀባ ቀለሙን የሚያቀጥኑበት የአኳራጅ ሽታ አጥሩን ዘሎ በረንዳዬ ድረስ መጣ። ሌላውን ሰው አኳራጅ ሲሸተው ራሱን ያመዋል፤ እኔን ደስ ይለኛል። አፍንጫዬን ወደ አጥሩ አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስስብ ያየችኝ ባለቤቴ ብርቄ፣ «ምነው፣ በስተርጅና ቤንዚን መሳብ ጀመርክ እንዴ?» አለችኝ። ኮሌጅ እየሸተተኝ ነው ብላት ሌላ ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን ታምነኛለች። ኮሌጅ በገባሁበት ጊዜ ሸሚዜን ያጠበችው እሷ ናት። እጅጌው ላይ ካለው ነጠብጣብ የትኛው የብሩሽ፣ የትኛው የእስክሪብቶ እንደሆነ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። በኛ ቋንቋ የሚቀባውም ቀለም ነው፣ የሚጻፍበትም ቀለም ነው፣ የሚማሩትም ቀለም ነው። እኔ ሦስቱንም ባንድ ሴሚስተር ልጨብጥ ተነስቼ፣ ሦስቱም በብዛት ሸሚዜ ላይ ነው የቀሩት።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ክልል የሚባለውን ነገር ገና እንደ አዲስ ጫማ እየለመድነው ነበር፤ ይበቃችኋል። ይልቅ ሻይ ስሙኒ እንደነበር ጠይቁኝ። ፓስቲም ስሙኒ። አንድ ብር ኪሱ ያለው ሰው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ገብቶ ጓደኛውን ጋብዞ ይወጣል፤ ያውም አመስግነውት። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲገባ ከተማው ግማሹ የሚቀበለው ሰው ባይኖረውም ሊቀበል ይወጣል። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ባለ አራት ኪስ ካኪ ሳፋሪ እንለብሳለን፤ በአንደኛው ኪስ እስክሪብቶ፣ በሁለተኛው መሐረብ፣ በሦስተኛው መታወቂያ፣ በአራተኛው ምንም። ወጣቶቹ ከልባሽ ጨርቅ ተራ ጂንስ ይመርጣሉ። ዝናብ ሲመጣ ግን ሁላችንም አንድ ነን፤ ኮንጎ ጫማ ነው። መቱ ሲዘንብ ታውቃላችሁ፤ ደመናው እንደ ሌላ አገር መጥቶ አይሄድም፣ እዚሁ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ካሴት ቤት ነበረች። አንዱን ዘፈን በኦሮምኛ፣ ቀጣዩን በአማርኛ ታሰማና ሦስተኛው ላይ ቴፑ ካሴቱን ያኝከዋል። ባለቤቱ በእስክሪብቶ ጠምዝዞ እስኪያስተካክለው ድረስ መንገደኛው ሁሉ ዘፈኑ ከቆመበት ራሱ ይቀጥላል። ዛሬ በዚያ ቁልቁለት ባጃጅ ይወርድበታል፤ ካሴት ቤቷም ባነር ማተሚያ ሆናለች። ልጁ ኮምፒዩተር ላይ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ማሽኑ የሦስት ሜትር ጽሑፍ ሻይ ሳይበርድ ይተፋል። ሳልፍ ቆም ብዬ አየዋለሁ። አንዲት ፊደል ስትሳሳት ለማየት ነው የምቆመው፤ ክፋት አይደለም፣ የሙያ ቅናት ነው።

ምክንያቱም ከዚያ ማሽን በፊት ማሽኑ እኔ ነበርኩ። በሳምንቱ የሥራ ቀናት የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ታፔላ ጻፊ። ከጎሬ መንገድ እስከ ገበያው ድረስ ያሉት ሱቆች፣ ፀጉር ቤቶችና ልብስ ሰፊዎች ስማቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ፊደሎቼ ጥላ ነበራቸው። «ሀ»ዬ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ስትቆም ሙሽራ ትመስል ነበር። ይህን ስል ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራ ነው።

ከዚያ ቁቤ መጣ። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ ተባለ፤ ደብዳቤውም፣ ታፔላውም። ለታፔላው እንኳ አልተጨነቅሁም። ባለ ሱቁ የሚፈልገውን ከሚያውቅ ሰው በወረቀት አስጽፎ ያመጣል፣ እኔ እንደ ሥዕል እገለብጠዋለሁ። የጨነቀኝ የመሥሪያ ቤቱ ነው። አንድ ቀን በካርቶን የታሸገች አዲስ የላቲን የጽሕፈት መኪና መጣች። አለቃችን ላስቲኳን ገልጦ አሳየንና መልሶ ሸፈናት። «አቶ ተፈራ፣» አለኝ፣ «ኮሌጁ የማታ ትምህርት ከፍቷል። የዚህን ሴሚስተር የኦሮምኛ ጽሕፈት አልፈህ ወረቀቱን ካመጣህ ወንበሩ ያንተ ነው። ካላለፍክ ግን ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው። አንተን መዝገብ ተሸካሚ እናደርግሃለን፤ ደመወዝህ አይነካም።» ደመወዜ አይነካም። እኔ ግን ያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቴ ነው። ሃያ ዓመት ተቀምጬ የጻፍኩትን ደብዳቤ፣ አሁን ሌላው ሲጽፍ ቆሜ ልጠብቅና ከቢሮ ቢሮ ላመላልስ ነው! እግሬ ይችለዋል፤ ፊቴ ነው የማይችለው።

ልብ በሉ፣ ኦሮምኛ አስተማሪ የሚያስፈልገኝ ሰው አይደለሁም። እናቴ የዳሪሙ ሰው ናት። ስቆጣ በአማርኛ፣ ስቀልድ በኦሮምኛ፣ ቡና ስሸምት በሁለቱም ነው። ስለዚህ ልመዘገብ ስሄድ ደረቴን ነፍቼ ነው። ብርቄ ከበር ሸኘችኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሴት ልጅህ ደብተር የቱ እንደሆነ ለይተህ ያዝ፤ የሷን ይዘህ ሄደህ እንዳትቀልል» አለችኝ። ልጃችን ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ቁቤውን ከኔ በፊት ጨርሳዋለች።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ተማሪዎቹ ብድግ አሉ። መምህር መስያቸው ነው። እኔም አላሳፈርኳቸውም፤ «ተቀመጡ» ብዬ ከኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። እውነተኛዋ መምህርት ስትገባ ግን ማንም አልተነሳም፤ ተማሪ መስላቸው ነው። ሐሊማ ትባላለች፤ የኖፓ ልጅ ናት፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ቾክ ስትይዝ ግን ዳኛ። የመጀመሪያ ቀን ስሜን ጠርታ፣ «ጋሼ ተፈራ፣ ከፊት ይቀመጡ። እዚያ ሆነው የሚያንቀላፉ ከሆነ አላይዎትም» አለችኝ። እንዴት አወቀች? ገና አላንቀላፋሁም ነበር።

ያንቀላፋሁት በማግሥቱ ነው። ምን ላድርግ? ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጣቴ መኪናው ላይ ነው። የምሳ ሰዓቴን ግማሹን እበላበታለሁ፣ ግማሹን አጠናበታለሁ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከቢሮ ወጥቼ ሽቅብ ወደ ኮሌጁ እሮጣለሁ። እሮጣለሁ ማለቴ እንኳ ለወግ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ መሰላል ላይ ነኝ፤ የቡናው ወቅት ስለነበረ ነጋዴው ሁሉ አዲስ ታፔላ አማረው። መሰላሉ ላይ ሆኜ በግራ እጄ ደብተር፣ በቀኜ ብሩሽ ይዤ ሳጠና ያዩኝ ሰዎች፣ «ሰውዬው ለሱቁ ዳዊት እየደገመለት ነው» ይሉ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጥ ቦንቱ የምትባል የዳሪሙ ልጅ ነበረች፤ እሷም ከሰዓት በፊት ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች፣ ማታ ትማራለች። ውል ተዋዋልን። ስተኛ በክርኗ ትጎስመኛለች፣ ያመለጠኝንም ታስገለብጠኛለች፤ እኔ ደግሞ የደብተሯን ሽፋን ስሟን ባለ ጥላ አድርጌ እጽፍላታለሁ። ወሬው ተሰምቶ የክፍሉ ደብተር ሁሉ ወደኔ መጣ። ሐሊማ አንድ ቀን የሠላሳ ሰው ደብተር ሰብስባ ስታይ ሁሉም የአንድ ሱቅ ዕቃ ይመስላል። «ይህን ያህል ያማረ ሽፋንና ይህን ያህል ያላማረ ውስጥ አይቼ አላውቅም» አለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በግዕዙ ፊደል ስንጽፍ ማጥበቅና ማላላቱን ለአንባቢው ትተንለት ነው። «ገና» ብዬ ብጽፍ፣ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጉዳይ አፍህ ራሱ ያውቃል። «አለ» ብል፣ ተናገረ ይሁን ይኖራል፣ ሐሳብ የለብኝም፤ ያንተ ሥራ ነው። ቁቤ ግን እንዲህ ያለ መተማመን አያውቅም። ቃሉ ከጠበቀ ፊደሉን ሁለቴ ጻፍ። ድምፁ ከረዘመ አናባቢውን ሁለቴ ጻፍ። ልጅ ሳለሁ ፊደል ቆጠርኩ ብዬ ነበር፤ ለካ ያኔ መቁጠር አልነበረም፣ ማንበብ ብቻ ነው። ፊደልን አንድ፣ ሁለት ብዬ የቆጠርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም በነጠላ እጽፍ ነበር። ሐሊማ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ጋሼ፣ አነሰ። አነሰ። አነሰ» እያለች መለሰችልኝ። እሺ ብዬ ደግሞ ሁሉንም እጥፍ አደረግሁት። ጨው አነሰው የተባለ ወጥ ሠሪ እንደሚያደርገው ማለት ነው። በዚህ መሐል «የዕለት ኑሮዬ» የሚል ድርሰት ታዘዝን። እኔ እንቅልፍ እንዴት እንደናፈቀኝ አንጀት በሚበላ ቋንቋ ጻፍኩ። በኦሮምኛ መተኛት «ረፉ» ነው። እኔ አናባቢውን አጥፌ «ራፉ» አልኩት። ራፉ ደግሞ ጎመን ነው። ሐሊማ ድርሰቱን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ «ከሥራ ስመለስ የምመኘው ጎመን ብቻ ነው። ባለቤቴ ግን ሳላጠና ጎመን ትከለክለኛለች። በመሥሪያ ቤት አንዳንዴ በድብቅ ጎመን አለ። እሑድ እሑድ እስከ ቀትር ድረስ ጎመን ነው።»

ክፍሉ ፈረሰ። ቦንቱ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ጋሼ ራፉ ሆነ። ስሙስ ግድ የለም፤ ነገር ግን ከሃያው ያገኘሁት አራት ብቻ ነው። ሐሊማ ከክፍል ስንወጣ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ለማለፍ የመጨረሻው ፈተና ላይ እጅግ በጣም ጥሩ መሥራት አለብዎት። መሬት ላይ ነው ያሉት» አለችኝ። እኔም ለራሴ ማልኩ። ከእንግዲህ ፊደል አላባክንም። የተጠራጠርኳትን ፊደል እተዋታለሁ። ቆጣቢ ሰው እሆናለሁ። ጉድ የሠራኝ ይህ መሐላ ነው።

ጥር ገባ፤ ፈተናው ሰኞ ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ሐጂ ከድር ቢሮ ድረስ መጡ። ሐጂ ከመስጊዱ አጠገብ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ቡናም ይገዛሉ። ታፔላቸውን ሁለቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ተፌ፣ እሑድ ልጄን እድራለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት ሐጂ! ግን ሰኞ ፈተና…»

«ፈተናው የኔ ነው እንጂ ያንተ ምኑ ነው! የሙሽራው አባት አባ ቢያ ናቸው፤ የኖፓው። ታውቃቸዋለህ?»

በስም የማያውቃቸው ማን ነው! አባ ቢያ ሽማግሌ ሆነው በተቀመጡበት ነገር ሐሰተኛ ሰው ሳይጠየቅ እውነቱን የሚያወጣላቸው ሰው ናቸው። በኒካሁ ውል ቀን ሐጂ ቤት መጥተው የቀረበላቸው ወንበር ተነቃነቀ ብለው እስከ ማታ ቆመው ውለዋል። እሳቸው ከቆሙ ማን ይቀመጣል? የሐጂ ዘመድ አዝማድ ሁሉ አብሮ ቆሞ ዋለ።

«ሰውዬው ክብር ይወዳሉ» አሉኝ ሐጂ። «በር ላይ በትልቁ፣ በኦሮምኛ፣ ‹አማቻችን እንኳን ደህና መጣችሁ› የሚል እንዲሰቀል እፈልጋለሁ። በቀይ።»

«በወረቀት አስጽፈው ያምጡልኝ።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ኮሌጅ የገባኸው ለምንድነው ታዲያ?»

አራት ሜትር አቡጀዲ ተገዛ። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢዬ ውስጥ ወጥሬ ጀመርኩ። አማች በኦሮምኛ «ሶዳ» ነው፤ ዳው ይጠብቃል። የመጀመሪያዋን «ዲ» ጻፍኩ፤ ሆዷ ሞላ ያለ፣ ያማረች። ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ ግን ጎመኑ ትዝ አለኝ። ብሩሹን አንሥቼ አሰብኩ። «ተፈራ፣ ተጠራጥረሃል። መሐላህን አስብ። አታብዛ» አልኩና ተውኳት። ቀሪውን አሳምሬ ጨረስኩት። ጥላውን እንኳ በሰማያዊ አወጣሁለት። ብርቄ አይታ፣ «ሲያምር!» አለች። እሷም እንደኔ በግዕዙ ያደገች ናት።

እሑድ ጠዋት ዳሱ በር ላይ በሁለት ባሕር ዛፍ መሐል ተሰቀለ። ያልፋል፣ ያነባል፣ ሁሉም ያደንቃል። ማንም ምንም አላለም፤ ማንበብ የሚችል ሰው እኮ የተጻፈውን ሳይሆን የሚጠብቀውን ነው የሚያነበው። ስድስት ሰዓት ገደማ ሚዜዎቹና ሽማግሌዎቹ በአይሱዙ መጡ። እልልታ፣ ጭብጨባ፣ አቧራ። አባ ቢያ ከጋቢና ወረዱ፤ ረጅም፣ ነጭ ጥምጥም፣ እጃቸው ላይ ዱላ። ከኋላቸው ማን ወረደች? ሐሊማ። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ የአባቷን ጋቢ ይዛ። የኖፓ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ግን ጠይቄ አላውቅም። ከሠላሳ ሰው ኋላ ለመደበቅ ሞከርኩ፤ ቁመቴ ግን የማይደበቅ ነው።

አባ ቢያ ከበሩ ሲደርሱ ቆሙ። ቀና አሉ። እኚህ ሰውዬ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ቁቤ የቆጠሩት በስድሳ ዓመታቸው ነው፤ ያስተማረቻቸውም ልጃቸው ሐሊማ ናት፣ ቡና በሚሰጣበት አውድማ ላይ በዱላ አፈር እየጫረች። አዲስ አንባቢ ደግሞ ፊደል አይዘልም። በጣታቸው እየጠቆሙ ጮክ ብለው፣ «ሶ… ዳ… ኬ… ኛ…» እያሉ አንድ በአንድ ለቀሙት። ጨርሰው ዱላቸውን ወደ ጨርቁ ቀሰሩ። እልልታው ቆመ።

በኦሮምኛ ነው የተናገሩት። «ዲ ብቻዋን ናት» አሉ። «ሁለት ብትሆን አማች ነበር። አንድ ስትሆን ፍርሃት ነው። ‹ፍርሃታችን እንኳን ደህና መጣችሁ› ነው የሚለው። ማነው የጻፈው?»

ሐጂ ከድር ሃምሳ ዓመት የኖሩበትን ጀግንነት ረስተው ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

«ኮቱ!» አሉኝ አባ ቢያ፤ ና ማለታቸው ነው። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠኝ፤ እንዲህ ያለ ክብር ከዚያ በፊት አልተሰጠኝም። ሐሊማን አላየኋትም፤ ማየት አልደፈርኩም እንጂ እያየችኝ እንደሆነ ጆሮዬ ነግሮኛል፣ ግሎ ነበር።

«ይህ የተጻፈው ስሕተት ነው ወይስ እውነት?» አሉኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ስሕተት ነው ብል ነገ የምትፈትነኝ መምህርት ፊት በራሴ ላይ መሰከርኩ። እውነት ነው ብል ሠርግ ፈረሰ። አፌ ግን መቼም ከኔ ይቀድማል።

«አባ ቢያ» አልኩ፣ «ስሕተቱ የኔ ነው፤ እውነቱ የሐጂ ነው።»

ከዚያ የአባ ቢያ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታመሙ ብለን ልንደግፋቸው ስንል፣ ለካ ሳቅ ነው! ድሮ ስቀው የማያውቁ ሰው ናቸውና አወጣጡን አላወቁበትም፤ መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ቀጥሎ እንደ ማንኮራፋት፣ በመጨረሻ እውነተኛው ወጣ። ዓይናቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠርገው ሐጂ ከድርን፣ «ትፈራኛለህ?» አሏቸው። ሐጂም፣ «ወንበሩን ከቀየርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው» አሉ። ተቃቀፉ። እልልታው ከቆመበት ቀጠለ።

«ቀለምህ የት አለ?» አሉኝ ከዚያ። ጣሳውና ብሩሹ ዳሱ ጥግ ነበር። ልጨምራት ስል እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ነኝ የምጽፋት። አማቹ እኔ አይደለሁም?» ጨርቁ ዝቅ ተደረገላቸው። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው መሐል ይዘው፣ ከኔ ዲ አጠገብ አንዲት ዲ ጻፉ። ቀዩ እስከ ክርናቸው ወረደ። ግን ሆዷ ወደ ግራ ዞረ። የተገለበጠች ዲ! ሁላችንም አየናት፤ የሚነግራቸው ጠፋ። በአንድ ዲም ይሁን በሁለት፣ ፍርሃቱ ያው ነበር። ያኔ ነው ሐሊማን ቀና ብዬ ያየሁት። ሻርፗን አፏ ላይ ጭና፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ዝም አለች። ሴሚስተሩን ሙሉ ስሕተት አይታ ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ አጠገቤ መጥታ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ ተፈራ፣ ዛሬ የአባ ቢያ ልጅ ነኝ፣ የሙሽራው እኅት ነኝ። ነገ ግን የማንም አይደለሁም። ሄደው ያጥኑ።» ጥብሱን በአፌ እንደያዝኩ ተነሥቼ ሄድኩ።

ሰኞ ፈተናው የቃል ጽሕፈት ነበረበት። ሐሊማ እየተዘዋወረች ታነብባለች፣ እኛ እንጽፋለን። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ትንሽ ዘገየ። «ሶዳን ኮ ሶዳ ሂንቀቡ» አለች። አማቼ ፍርሃት የለበትም ማለት ነው። የሠርጉ ወሬ መቱን አዳርሶ ነበርና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም። የመጀመሪያውን ሁለት ዲ፣ ሁለተኛውን አንድ ዲ። ቆጠርኳቸው። ከጀርባ ወደ ፊትም ቆጠርኳቸው። ሆዳቸው ወዴት እንደዞረ አየሁ። ወረቀቴን ሳስረክብ ሸሚዜ በላብ ረጥቦ ነበር።

በሳምንቱ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ ሲባል ሳፋሪዬን ተኩሼ ሄድኩ። ስሜን አገኘሁ። ከስሜ ፊት ለፊት ግን ቁጥር የለም፤ አንዲት ጭረት ብቻ ናት። ጣቴን አስኬድኩ፤ ያው ጭረት። ያን ጊዜ ማልቀስ አልመጣብኝም፤ የመዝገቡ ቁልል በክንዴ ላይ ሲከብደኝ ተሰማኝ፣ የቢሮው ደረጃም ስንት እንደሆነ ቆጠርኩት።

ቦንቱ ከጎኔ የራሷን አይታ እየዘለለች ነው። አለፈች። ከዚያ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጠቆመችኝ። «ጋሼ፣ ከኛ ክፍል ሌላ ተፈራ አለ እንዴ?»

አየሁት። በእጅ የተጨመረ ስም ነው፤ ተፈራ ይላል፣ ሰባ አንድ ይላል። «አለ መሰለኝ» አልኳት። «ጎበዝ ነው። ከኋላ ሳይቀመጥ አይቀርም።» እውነቴን ነው፤ ሰውዬውን ቀናሁበት። በስም መገናኘታችን እንኳ አናደደኝ።

ሐሊማ ከቢሮዋ ወጥታ መጣች። በእጇ አንድ የፈተና ወረቀት አለ። «ይህን ሰው አራት ቀን ፈለግሁት» አለች፣ «በመዝገብ የለም። እኔ ያስመዘገብኩት ተፈራ በሁለት አር ነው የሚጻፈው። ይኸኛው በአንድ አር ነው። ዲዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው፣ ጎመን የለበትም፣ በቃል ጽሕፈቱ አንድም ነገር አልሳተም፤ ከራሱ ስም በቀር። የሚያውቁት ሰው ነው?»

ጽሕፈቱን አየሁት። ጥላ ያለው ጽሕፈት ነው።

«የሩቅ ዘመዴ ነው» አልኩ።

ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የጎደለችውን አር ጨመረችልኝ፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሄዳ ጭረቷን ሰረዘችና ሰባ አንድ ብላ ጻፈችበት፤ ወንበሩም የኔ ሆነ። ጨርሳ ስትሄድ ዞር አለችና፣

«ለመሆኑ ተፈራ ማለት በአማርኛ ሰው የፈራው ማለት አይደል?»

«ነው።»

«ማን ፈርቶዎት ያውቃል?»

አሰብኩ። ብርቄን ቆጠርኩ፤ አትፈራኝም። አለቃዬን፤ እሱም አይፈራኝም። ልጄም ቦንቱም የሉበትም።

«ከእሑድ ወዲህ» አልኳት፣ «ሐጂ ከድር። ያውም ብሩሽ ስይዝ ብቻ።»